ከጭዱ ክምር በታች

አንድ ገበሬ ነበረ። ዝም ብለሽ ስሚኝ፣ ወለተ ሥላሴ፤ ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። «አባ፣ ሁዳዴን በየዓመቱ ሳላጓድል እጾማለሁ። ውስጤን ልመርምር ብዬ ስቀመጥ ግን ፍርሃት ይይዘኛል። ጾሜን ጾሜ፣ ስግደቴን ሰግጄ፣ የውስጡን ነገር ሳልነካካው ለእግዚአብሔር ብተወው ምን አለበት?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ያለው ከዚህ ገበሬ ጓሮ ነው።

ገበሬው የሚኖረው ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ አገር ነው። በዚያ አገር ብዙ እህል ያለው ሰው የሚያስቀምጠው በጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል። ውስጡ እሳት ይነድበትና ግድግዳው እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ ከዚያ በእበት ይለቀለቃል። ማሽላው ይገለበጥበትና አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተገጥሞ በጭቃ ይመረጋል፤ በላዩ ደግሞ አፈር ይደለደላል። ውሃ ካልገባበት ዓመታት ይቆያል። ውሃ ከገባበት ግን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ምንም አያውቅም። ጓሮው ያው ጓሮ ነው፤ ዶሮ ይጭርበታል፣ ሰው ይመላለስበታል፤ እህሉ ከታች ድምፅ ሳያሰማ ይበሰብሳል።

ይህ ገበሬ አፍንጫው የተመሰከረለት ነበር። ጉድጓድ ሊከፍት ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ እሱን ይጠራል። እሱም ጫፉ ሰያፍ የተቆረጠ ረጅም ሸንበቆ ይዞ ይመጣል። በድንጋዩ ጎን ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ሸንበቆውን ወደ ታች ይሰደዋል፤ ጥቂት ፍሬ ይዞ ሲወጣ ጫፉን ያሸትና ፍርዱን ይሰጣል። «ግድግዳው ጋ ያለው ተነክቷል፤ መሃሉ ደህና ነው» ካለ፣ ተከፍቶ ሲታይ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። ተሳስቶ አያውቅም። ለአገሩ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ አፉን ትንሽ ቢሰበስብ ኖሮ ደግሞ ይባርኩት ነበር።

ሞላ የሚባል ጎረቤት ነበረው። ሞላ ድኻ ነው፤ ቤቱም ረባዳ ላይ ስለሆነ ጉድጓዱን እርጥበት አይለቀውም። ልጁን ሊድር ሽር ጉድ ሲል እንደ ደንቡ ገበሬውን ጠራው። ገበሬው ሸንበቆውን አሸተተና፣ ለሥራ የመጣው ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይኼንንማ አህያም አትቀምሰው!» አለ። ሰው ሳቀ። ልክ ነበር፤ እህሉ ሻግቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ያ ድኻ «ሞላ ሻጋታው» ተብሎ ቀረ። ገበያ ሲወርድ በዚያ ስም ጠሩት፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣም በዚያው ስም ተጣቀሱበት። የሙሽራዋ አማቶች ሳይቀሩ ሰሙት። ገበሬው ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ ብሎ አንድም ቀን አልተጨነቀም። ቀልዶ ሄደ፤ በቃ።

አሁን ወደ ራሱ ጉድጓድ እንምጣ።

የገበሬው ታናሽ ወንድም በአጨዳ ሰሞን ታሞ ሞተ። ሊያርፍ ሲል ወንድሙን ጠርቶ፣ «የእኔን ማሽላ ከማሽላህ ጋር አስቀምጥልኝ። ቤቴ የጎደለ ዕለት አውጥተህ ስጣቸው» ብሎ አደራ አለው። ዓመቱ የጥጋብ ዓመት ነበር። የሁለቱ ወንድማማቾች ማሽላ በገበሬው ጓሮ ካለው ትልቁ ጉድጓድ ገባ፤ ድንጋዩ ተገጠመ፤ ተመረገ።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ ከባድ ዝናብ ያደረ ዕለት፣ ገበሬው ማለዳ ወደ ጓሮ ወጣ። ከጉድጓዱ አፍ ጠጋ ብሎ መሬቱ የሰፌድ ያህል ስርጉድ ብሏል። ያ ምን ማለት እንደሆነ ከአገሩ ሰው ሁሉ አስበልጦ ያውቃል። የሰው ጓሮ ቢሆን፣ «ዛሬ ነገ ሳትል ክፈተው፤ ውሃ ገብቶታል» ይል ነበር። የራሱ ነውና ግራ ቀኝ አየ። ማንም አላየውም። አፈር አምጥቶ ደለደለበት፤ በእግሩ ጠቀጠቀው። እንደዚያም ሆኖ ዓይኑ ከቦታው አልነቀል አለው። ስለዚህ ከአውድማው ዳር ያለውን የጭድ ክምር እየተሸከመ አምጥቶ እዚያው ላይ ከመረው። ሚስቱ ምን እንደነካው ስትጠይቀው፣ «ለከብቶቹ ቀረብ ይበል ብዬ ነው» አላት።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ ወጣ። ሁዳዴ ሲገባ፣ በዚህ ጾም እከፍተዋለሁ አለ በልቡ። ዘወረደ አለፈ፤ ቅድስት አለፈ። እስኪ ከበዓሉ በኋላ አለ። ከበዓሉ በኋላ እርሻ መጣ። በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴም ያንኑ አለ። ክምሩ ሲያንስ አዲስ ጭድ ይጨምርበታል፤ ክምሩም ዝናብ እየጠጣ ከዓመት ዓመት ከረመ።

ነገሩን የረሳው እንዳይመስልሽ። ጭንቀቱ በበረታ ቁጥር ጾሙን አጠበቀው። ሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይበላል፤ እሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆያል። ሌላው ሽሮ ይበላል፤ እሱ ንፍሮና ውሃ። መቶ ይሰግድ የነበረው ሦስት መቶ ሰገደ፤ ግንባሩ ጠቆረ፣ ጉልበቱ ተላጠ። ሰውም «እንዲህ ያለ ጾመኛ ከየት ይገኛል!» እያለ አከበረው። ክብሩ ደግሞ ነገሩን አባሰበት፤ እንዲህ ተከብሮ ሳለ ጓሮው ቢሸት ምን ይባላል? ሚስቱ ብቻ አንድ ቀን ትክ ብላ አይታው፣ «እህሉን ጾምክ፣ ጨውን ጾምክ፤ አሁን ደግሞ እንቅልፉንም ልትጾም ነው?» አለችው።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ አጠረ። ማሽላው ራስ ሳይቋጥር ደረቀ። የወንድሙ ሚስት ያላትን አብቃቅታ እስከ ጾሙ አጋማሽ ደረሰች። በመፃጉዕ ሳምንት መጥታ ከመደቡ ጫፍ ቁጭ አለች።

«አያ አራጌ፣ ጎታዬ ባዶውን ቀረ። ያንን የሟቹን አደራ ከፈት ብታደርግልኝ ብዬ ነው» አለችው።

«በጾም?» አለ፣ እንደ መደንገጥ ብሎ። «በሁዳዴ የተከፈተ ጉድጓድ በረከቱ ይሸሻል፣ እቴ። ትንሣኤ ይምጣ እንጂ።»

እንዲህ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ቄስ ሆኜ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ግን የተናገረው የታወቀ ጾመኛ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ያውቃል ብላ አመነችው። ከቤቱ ጎታ አንድ ቁና ማሽላ ሰፈረላት። «አንተን ያቆይልን፤ የወንድምህን ቤት ያልረሳህ» እያለች መርቃው ወጣች። እሱ ምርቃቱን ቆሞ ሊሰማው አልቻለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽታ ይከተለው ጀመር። ጋቢውን ሲከናነብ የሻገተ እህል ይሸተዋል። ንፍሮውን ሲያነሳ ይሸተዋል። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ዕጣኑ እየጤሰ፣ በዚያ መሃል ይሸተዋል። ከጓሮው የሚመጣ ይሁን ከሐሳቡ፣ ለራሱም አልለይ አለው። «ይሸትሻል?» አላት ሚስቱን። «ምኑ?» አለችው። «ምንም» አለ። እንግዳ ሲመጣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚነፍስ አስቀድሞ ያያል፤ ነፋሱ ከጓሮ በኩል ከሆነ እንግዳውን ከደጅ ያሰናብተዋል።

የገብር ኄር እሑድ ደረሰ። ጌታው የሰጠውን ሳይሠራበት መሬት ቆፍሮ ስለ ቀበረው አገልጋይ ሲነበብ፣ ገበሬው ከዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ካህኑ የሚያነቡት እሱን እያዩ መሰለው፤ ካህኑ እኮ ዓይናቸው ደካማ ነው፣ እንኳን እሱን መጽሐፉንም በግድ ነው የሚያዩት። ሲወጣ አንዲት አሮጊት ክንዱን ይዘው፣ «እንዲህ ነው እንጂ ጾም! ሥጋህ አለቀ እኮ፣ ልጄ!» አሉት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። መሬቷ እንድትከፈት ብቻ ነበር የሚፈለገው፤ እሱን መዋጡ አያስፈልግም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የወንድሙ ሚስት ጠበቀችው።

«አላስቸግርህም፣ አያ አራጌ። ላሳውቅህ ብዬ ነው» አለች። «ትልቋን ልጄን ማክሰኞ በገበያው መኪና ወደ ከተማ ልሰዳት ነው። ሰው ቤት ትሠራለች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አታንስም።»

«ትንሣኤን እንኳ ከእናንተ ጋር ሳትፈስክ?»

«እስከ ትንሣኤ ምን ላብላት?» አለች። በቁጣ አልነበረም ያለችው። ቁጣ ቢሆንማ ተቆጥቶ ይመልስላት ነበር። ልጅቷ ከእናቷ ኋላ ቆማለች፤ ግንባሯ የአባቷ ግንባር ነው።

ቤቱ ገባ። ሰንበት ነውና ሌላው ሰው ከቅዳሴ መልስ አፉን ያሟሻል፤ እሱ ምንም አልቀመሰም። በጓሮ በኩል ወጥቶ ከክምሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ፣ ብቻዬን ማንም ሳያይ ልየው የሚል ነበር። ደህና ከሆነ ነገ እከፍታለሁ፤ ካልሆነ... ካልሆነ ምን እንደሚያደርግ አላሰበም። ሸንበቆውን አምጥቶ የክምሩን ጠርዝ ገፋ አድርጎ በድንጋዩ ጎን ቀዳዳ አበጀና ወደ ታች ሰደደው። አወጣው። ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

ምንም አላወቀም። አንዴ ሲያሸተው ደህና ነው፤ ደግሞ ሲያሸተው በስብሷል። ደህና እንዲሆን ሲመኝ ደህና ሸተተው፤ ሲፈራ መጥፎ ሸተተው። በሰው ጉድጓድ አንድ ቀን ተሳስቶ የማያውቅ አፍንጫ በራሱ ጉድጓድ ላይ ከዳው። ያን ጊዜ የምር ደነገጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ከፈለግኩ አውቀዋለሁ የሚል መጽናኛ ነበረው፤ ያም መጽናኛ ሄደ።

ተነሣ። ሸንበቆውን ይዞ ቁልቁል ወደ ረባዳው ወረደ፤ ወደ ሞላ ቤት።

ሞላ ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፤ አንዲት ነገር ሳይነካካ ሰንበትን መዋል የማይሆንለት ሰው ነው። ሸንበቆውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ማን ጠራህ? እኔ ዘንድሮ የምከፍተው ጉድጓድ የለኝም» አለው።

«ላሽት አልመጣሁም። እንድታሸትልኝ ነው የመጣሁት።»

ሞላ ሊቀልድበት የመጣ መስሎት ቀና ብሎ አየው። ገበሬው ሸንበቆውን በሁለት እጁ ዘርግቶለታል።

«የማንን?»

«የራሴን። የወንድሜ አደራ ያለበትን። ሦስት ዓመት ሆኖታል መሬቱ ከሰመጠ። ጭድ ከምሬበት ነው እንጂ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ልጅቷን ማክሰኞ ሊሰዷት ነው፣ ወንድሜ ሞላ።»

ሞላ በስሙ ብቻ ከተጠራ ብዙ ጊዜው ነው። ገመዱን አስቀመጠ። «ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ሰው እንዳይሰማ ከፈለግህ ብቻዬን እመጣለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ነው ሰውየው ሰው የሆነው፣ ወለተ ሥላሴ። «አይሆንም» አለ። «ያን ጊዜ አንተ ደጅ የሳቀ ሰው ሁሉ ይምጣ።»

ሰኞ ጠዋት ጓሮው በሰው ተሞላ። የወንድሙ ሚስት ከልጇ ጋር መጥታ ዳር ተቀመጠች፤ ልጅቷ ለመንገዱ የታሰረላትን ጓዝ እንኳ ከእጇ አልለቀቀችውም። ሰዎች ጭዱን ማንሣት ጀመሩ። የላዩ ወርቅማ ነው፤ ይንኮሻኮሻል። ዝቅ ሲሉ እርጥብ ሆነ። ከሥሩ ሲደርሱ ጠቁሮ፣ ተጣብቆ፣ ትኩስ እንፋሎት ያወጣል። ከሥሩ ያለው መሬት የገበቴ ያህል ሰምጧል።

ሞላ ሸንበቆውን ሰድዶ አወጣና ጫፉን አሸተተ። ገበሬው ዓይኑን ጨፈነ። ያቺኑ «አህያም አትቀምሰው» እንደሚልበት አልተጠራጠረም፤ እሱ ቢሆን ይል ነበር። ከኋላ የቆመ አንድ ቀልደኛ አፉን ሊከፍት ሲል ሞላ ዞር ብሎ አየው፤ ሰውየውም አፉን ያዘ።

«ሸቷል» አለ ሞላ ቀስ ብሎ። «እስከ የት እንደሆነ ግን ሳይከፈት አይታወቅም።»

ድንጋዩ ተነሣ። የወጣው ሽታ ሰውን ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አስያዘው። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ወዲያው አይገባበትም፤ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ሞላ የበራ ጧፍ በገመድ አስሮ አወረደ። የጉድጓዱ አንገት ጋ ሲደርስ ጧፉ ጠፋ። መጠበቅ ነው። ገበሬው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሊያየው ያልፈለገው ጨለማ እግሩ ሥር ነው፤ የሚሸሽበት ቦታም የለው። ሰው ሁሉ ያየዋል። ሁለተኛ ጧፍ ወረደ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጠፋ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። አንዳንዱ ሰው ሥራ ይዞት ሄደ፤ ልጅቷ ጓዟን ተንተርሳ እንቅልፍ ወሰዳት። በሦስተኛው ጊዜ ጧፉ እስከ እህሉ ወረደና ሳይጠፋ ቀረ።

«እኔ ልግባ፤ አንተ በጾም አልቀሃል» አለ ሞላ።

«የራሴ ነው። አንተ ገመዱን ያዝልኝ» አለ ገበሬው።

ወገቡን ታስሮ ወረደ። እጁን ሲሰድ ያገኘው ለስልሶ የላቆጠ፣ ትኩስ ነገር ነው። በቅርጫት እየሞላ ላከ። ጥቁር ነው፤ እንክብል እንክብል እያለ ይወጣል። አንድ ቅርጫት፣ ሌላ ቅርጫት፣ ሌላ። የወንድሙን ፊት እያሰበ ቆፈረ። ሁሉም እንዲህ ነው፣ አለቀ፣ አለ በልቡ፤ ልጅቷን በገዛ እጄ ሰደድኳት። እያለቀሰ ቆፈረ። እስከ ክርኑ ድረስ ሲገባ፣ ጣቶቹ መሃል የሆነ ነገር ፍስስ አለ። ደረቅ ነበር። ጨብጦ ወደ ብርሃኑ አነሣው፤ ነጭ ማሽላ ነው። እንደገና ዝቅ ብሎ በሁለት እጁ ዛቀ።

«ደረቅ ነው!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ከጉድጓዱ ውስጥ ሲወጣ ልጅቷ ከእንቅልፏ ባነነች።

ከግማሽ በታች ነው የተረፈው። ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው የወንድሙን አደራ አሟልቶ ማስረከብ ነው፤ ለእሱ የቀረው ጥቂት ነበር። እናትየው ከልጇ እጅ ጓዙን ወስዳ እዚያው ፈታችው።

ሞላ ደግሞ እስኪመሽ አልሄደም። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በጧፍ አየና ገበሬውን ጠራው። «ና እስኪ ተመልከት። ስንጥቁ ይቺ ናት፤ ጣት አታስገባም። መሬቱ የሰመጠ ዕለት ብትከፍተው ኖሮ የምትጥለው አንድ ቅርጫት ነበር። ይህን ሁሉ ያበሰበሰው ጭዱ ነው። ክረምት የጠጣውን ውሃ በጋውን በሙሉ ሲያንጠባጥብበት ኖረ።»

ገበሬው ከጉድጓዱ ወጣ። ከዚያ ከጓሮው ሰው ሳይበተን፣ «ጭዱን የከመርኩት እንዳላየው ብዬ ነው» አለ። ሁሉም ሰማው። «ይህን ሰው ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ጥሩት። ያንን ስም የሚፈልግ ካለ ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

ያን ሁዳዴ እስኪፈታ ድረስ የጉድጓድ ሽታ ያለበትን ቂጣ በላ፤ ከበሰበሰው አጠገብ የነበረውን፣ ለሌላ የማይሰጠውን። ሚስቱ እንደምትለው ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ እንቅልፍ የተኛው ያን ሰሞን ነው። በየዓመቱም ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ሞላን ከነሸንበቆው ይጠራዋል። ጓሮው ተጠርጎ ባዶውን ነው፤ የሰፌድ ቀርቶ የሳንቲም ያህል ቢሰምጥ ይታያል።

እንግዲህ ወለተ ሥላሴ፣ «ሳልነካካው ብተወው ምን አለበት?» አልሽኝ። ይኸው ያለበት ይህ ነው። ጉድጓዱ አንቺ ነሽ። የሆነ ዓመት፣ የሆነ ዝናብ ገብቶሻል፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም፣ መሬቱ የት ጋ እንደሰመጠ ግን አንቺ ታውቂዋለሽ። ስታልፊበት እግርሽ ያውቀዋል። በላዩ ምን ከመርሽበት? ጾምሽን፣ ስግደትሽን፣ ለበዓል የምታወጪውን ጧፍ። ጭድ ክፉ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ከብት የሚኖረው በጭድ ነው። ጾምሽም ስግደትሽም መልካም ነው። የከመርሽበት ቦታ ነው ክፉ። እንዳታዪው ብለሽ የከመርሽው ጾም፣ ያቺን አንዲት ቅርጫት የማትሞላ በደል ዓመት ዓመቱን ውሃ እያጠጣ ያሳድጋታል። ለዚህ ነው በጾምሽ ቁጥር ፍርሃትሽ የሚበረታው።

ደግሞ «ለእግዚአብሔር ልተወው» ማለት ድንጋዩን አንሥቶ መስጠት እንጂ መርጎ መተው አይደለም። እሱማ ተመርጎም ያየዋል። የማታዪው አንቺ ነሽ። ከሥርሽ የሚበሰብሰውም የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ለሰው የተሰጠሽ አደራ አለ፤ ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ይቅርታ ልትጠይቂው ቀጠሮ የሰጠሽው ሰው። ትንሣኤ ይምጣ ስትዪ ልጅቷ መኪና ትሳፈራለች።

ብቻዬን ላሽተው እንዳትዪ። ያ ገበሬ የአገሩ አፍንጫ ነበር፤ ራሱን ማሽተት ግን አልቻለም። የንስሐ አባት የተሰጠሽ ለዚህ ነው። እኔን አትፍሪኝ፤ እኔም ረባዳ ላይ ነው የምኖረው፤ የእኔም ጉድጓድ ሸቶ ያውቃል፣ ሌላ ካህን አሽትቶልኛል። ጧፉ መጀመሪያ ሲወርድ ይጠፋ ይሆናል፤ አትደንግጪ፣ አብረን እንጠብቃለን። መውረዱ የአንቺ ነው፤ ገመዱን እኔ እይዛለሁ።

ገና ገብር ኄር አልደረሰም። በይ፣ ቀረብ በዪና ከላይ ካለው ጭድ እንጀምር።